ከደሙ በፊት እንቢ፣ ከደሙ በኋላ ይሁን

የሮማ ሪፐብሊክ መቼ ወደቀ ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንጠቅሰው ዩልዮስ ቄሣር ሠራዊቱን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ የተሻገረበትን 49 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ.)፣ አለዚያም በሴኔት ስብሰባ ላይ በጩቤ ተወግቶ የወደቀበትን 44 ቅ.ል.ክ. ነው። የጥንት ታሪክ አስተማሪ እንደ መሆኔ ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አቀርባለሁ፤ መልሱም በየዓመቱ ያው ነው። እኔ ግን ቤቱ ተቃጥሎ ካለቀበት ቀን ይልቅ ፍሙ በሣር ክዳኑ ውስጥ የተሸጎጠበትን ቀን መፈለግ ይበልጣል ባይ ነኝ። ያ ቀን ቄሣር ከመወለዱ ከሠላሳ ዓመታት በፊት፣ በ133 ቅ.ል.ክ. የአዝመራ ወራት ውስጥ ይገኛል።

ስለዚያ ዓመት ሲጻፍ ሁለት ሰዎች ጎልተው ይወጣሉ፦ የተገደለው ጢባርዮስ ግራኩስና ገዳዮቹን የመራው ሊቀ ካህናት ስኪፒዮ ናሲካ። (ጢባርዮስ ስል በሉቃስ ወንጌል የተጠቀሰው ቄሣር እንዳይመስላችሁ፤ ይህኛው ከዚያኛው ዘመነ መንግሥት ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ ይቀድማል።) እኔ በዚህ ጽሑፍ ማተኮር የምፈልገው ግን ብዙም በማይወሳው በሦስተኛው ሰው ላይ ነው፤ የዓመቱ ኮንሱል፣ የዘመኑም ታላቅ የሕግ ሊቅ በነበረው በፑብልዮስ ሙክዮስ ስኬቮላ ላይ።

አራት ስፍራ፣ አንድ ዓመት

ሮማውያን ዓመታቸውን የሚጠሩት በዓመቱ በተመረጡት ሁለት ኮንሱሎች ስም ነበር። ኮንሱል ሲባል ዛሬ በውጭ አገር ተቀምጦ ቪዛ የሚሰጠው ሹም አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚመረጥ፣ ጦር የሚመራና ሴኔቱን የሚሰበስብ የመንግሥቱ የበላይ ባለሥልጣን ነው። የዚያ ዓመት ኮንሱሎች ስኬቮላና ሉክዮስ ካልፑርንዮስ ፒሶ ነበሩ። ከሁለቱ ፒሶ ወደ ሲሲሊ ዘምቷል። በሲሲሊ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት የተነሣው የባሮች ዐመፅ ገና አልበረደም፤ መሪያቸው ከሶርያዋ አፓሜያ የመጣ ኤውኑስ የሚባል ባሪያ ሲሆን፣ አንጥዮኮስ የሚል የንግሥና ስም አውጥቶ በኤና ከተማ ነግሦ ነበር። የፒሶ ስም የተቀረጸባቸው የእርሳስ ወንጭፍ ድንጋዮች እስከ ዘመናችን ድረስ ተገኝተዋል። ዐመፁ የተደመሰሰው በተከታዩ ዓመት ነው።

በስፔን ደግሞ ለሃያ ዓመታት ያህል ሮማን ሲያስቸግሩ የኖሩት የኑማንቲያ ሰዎች በዚያው ዓመት አለቀላቸው። ካርታጎን በ146 ቅ.ል.ክ. ያፈረሰው ስኪፒዮ ኤሚልያኖስ ከተማይቱን ዙሪያዋን በአጥርና በቦይ ዘግቶ በረሀብ ጨረሳት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ የተረፉት ለባርነት ተሸጡ፤ ከተማይቱም ከመሬት ጋር ተደባለቀች። በዚያ የጦር ሰፈር ሁለት ወጣቶች አብረው ያገለግሉ ነበር፤ አንዱ ጋይዮስ ማርዮስ፣ ሌላው የኑሚድያው ዩጉርታ። ከዓመታት በኋላ በአፍሪካ ምድር በጠላትነት የሚገናኙት እነዚሁ ናቸው።

በምሥራቅ የታላቁ እስክንድር ወራሾች ነን የሚሉት ነገሥታትም ዕረፍት አልነበራቸውም። በዚያው ሰሞን የሶርያው ሰባተኛው አንጥዮኮስ በኢየሩሳሌም ላይ ዘምቷል፤ በግብፅ ስምንተኛው ፕቶሌሚና እኅቱም ሚስቱም የነበረችው ሁለተኛዋ ክሊዮፓትራ ወደ እርስ በርስ ጦርነት እያመሩ ነበር። በትንሿ እስያ ደግሞ የጴርጋሞን ንጉሥ ሦስተኛው አታሎስ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የዚህ ንጉሥ ሞት ከሮማ አደባባይ ጠብ ጋር እንዴት እንደ ተጋጠመ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዩጌሩምና ጥማድ

የሮማ ጠብ ምክንያቱ መሬት ነበር። መንግሥት በኢጣልያ ድል ካደረጋቸው ሕዝቦች የነጠቀው ሰፊ መሬት ‹‹የሕዝብ መሬት›› ተብሎ ይጠራል፤ ባለቤቱ መንግሥት፣ ተጠቃሚው ደግሞ በተግባር የያዘው ባለጸጋ ነው። አንድ ሰው ከዚህ መሬት ሊይዝ የሚችለው መጠን በሕግ ተወስኖ የነበረ ቢሆንም ገደቡን የሚያከብረው አልነበረም። በሌላ በኩል በወታደርነት የሚመዘገበው ንብረት ያለው ዜጋ በመሆኑ፣ ለዓመታት በስፔን ሲዋጋ የከረመ ገበሬ ማሳው ጦም አድሮ ይጠብቀዋል፤ መሬቱን ያጣ ሰው ደግሞ ለሠራዊቱም አይሆንም። የድል ምርኮ የሆኑ ባሮች የባለጸጎቹን እርሻ ሞልተውታል። ሲሲሊ ይህ ነገር ወዴት እንደሚያመራ እያሳየች ነበር።

ጢባርዮስ ግራኩስ ተራ ሰው አልነበረም። እናቱ ቆርኔልያ ሃኒባልን ድል የነሣው የስኪፒዮ አፍሪካኑስ ልጅ ናት፤ አባቱ ሁለት ጊዜ ኮንሱል ሆኗል፤ እኅቱ የኑማንቲያው ድል አድራጊ የስኪፒዮ ኤሚልያኖስ ሚስት ነበረች። ጢባርዮስ ራሱ በ137 ቅ.ል.ክ. በስፔን ዘምቶ፣ አዛዡ ማንኪኖስ በኑማንቲያ ሰዎች በተከበበ ጊዜ ቃል ኪዳን ተዋውሎ፣ ፕሉታርክ እንደሚለው ሃያ ሺህ ዜጎችን ከሞት አትርፏል። ሴኔቱ ግን ያን ቃል ኪዳን አፍርሶ ማንኪኖስን ልብሱን ገፎና እጁን አስሮ ለኑማንቲያ ሰዎች ላከው፤ እነርሱም አንቀበልም አሉ። ጢባርዮስ ከዚህ ጉዳይ በሕይወትና በነጻነት ቢወጣም፣ በቃሉ የገባበት ስምምነት መና ሲቀር አይቷል።

በ133 የሕዝብ ጠበቃ፣ በላቲኑ ትሪቡን፣ ሆኖ ያቀረበው ሕግ በአጭሩ ይህ ነው፦ ማንም ሰው ከሕዝብ መሬት ከ500 ዩጌራ በላይ አይያዝ፤ ለልጆች ተጨማሪ ይፈቀድ፤ ትርፉ ተቆርሶ ለድሆች ይከፋፈል፤ የደረሳቸውም እንዳይሸጡት ይከልከል። ዩጌሩም የሚለው ቃል ቀንበር ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ስፋቱም ሩብ ሄክታር ገደማ። የእኛ ገበሬ ጥማድ የሚለውን ያስታውሷል። አምስት መቶው ዩጌራ ወደ 125 ሄክታር፣ በጋሻ ቢመተር ሦስት ጋሻ ያህል ይሆናል። ከገደቡ በታች ያለው ሰው ድሃ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ‹‹መሬት ላራሹ›› የሚለው መፈክር በ1957 ዓ.ም. በተማሪዎች ሰልፍ ከተሰማ ወዲህ ላደግን ኢትዮጵያውያን ጢባርዮስን ከዚያ ሰልፍ ጋር አሰልፎ ማየት ይቀለናል። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የግል የገጠር መሬትን በሙሉ ወርሷል፤ የጢባርዮስ ሕግ ግን የግል ርስትን አልነካም። የመንግሥትን መሬት ለመንግሥት መለሰ እንጂ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በኢጣልያ ገጠር የተደረጉ የአርኪዮሎጂ ዳሰሳዎችም አነስተኛ ገበሬዎች በብዙ ቦታዎች እንዳልጠፉ አሳይተዋል፤ ስለዚህ ኢጣልያ በሙሉ የባሮች እርሻ ሆና ነበር የሚለው የጥንት ጸሐፊዎች ሥዕል ሳይጋነን አልቀረም። ይሁንና ሕዝብ ተራብኩ፣ ተገፋሁ ብሎ ሲያምን የሚነሣው ኃይል ከቆጠራው ትክክለኛነት ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም።

ልብ ልንለው የሚገባው ቁም ነገር ሌላ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው ሕጉ ሲረቀቅ ጢባርዮስን ካማከሩት አንዱ ስኬቮላ ነበር። ሌላው የጢባርዮስ አማት አጵዮስ ቀላውዴዎስ፣ ሦስተኛው የስኬቮላ ወንድም ክራሱስ ነው። ነገሩ የጥቂት ሁከተኞች ሤራ ሳይሆን የመኳንንቱ አንድ ክፍል ጭምር የመከረበት ማሻሻያ ነበር።

ቬቶ

የሮማ ሕግ ከዐሥሩ ትሪቡኖች አንዱ እንኳ ‹‹እከለክላለሁ›› ካለ ጉዳዩ እንዲቆም ያዛል። ዛሬ በመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤት የምንሰማው ቬቶ ይኸው የላቲን ቃል ነው። የባለጸጎቹ ወገን ማርቆስ ኦክታቭዮስ የተባለውን ትሪቡን አሰለፈ፤ እርሱም ከለከለ። ጢባርዮስ ጉዳዩን እንደ ልማዱ ወደ ሴኔት ወሰደው፤ መፍትሔ አላገኘም። በመጨረሻ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ የሕዝብን ጥቅም የሚቃወም ሰው የሕዝብ ጠበቃ ሊሆን አይችልም በማለት ኦክታቭዮስ እንዲሻር ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ሠላሳ አምስቱ ነገዶች ተራ በተራ ድምፅ ሲሰጡ ዐሥራ ሰባቱ ሻሩት። አንድ ብቻ በቀረ ጊዜ ጢባርዮስ ድምፁን አስቁሞ ኦክታቭዮስን ለመጨረሻ ጊዜ ለመነው ይላሉ። ኦክታቭዮስ አልተመለሰም፤ ዐሥራ ስምንተኛውም ነገድ ሻረው።

ሕጉ ጸደቀ። ጢባርዮስ፣ ወንድሙ ጋይዮስና አማቱ አጵዮስ የመሬት አከፋፋይ ሆነው ተመረጡ። እኔ ጢባርዮስን ከጥፋት ነጻ ነው አልልም። የትሪቡን ሥልጣን የድሃው ጋሻ ነበር፤ አንዱን ትሪቡን ዛሬ በብዙኃን ድምፅ መሻር ከተቻለ ነገ ሁሉንም መሻር ይቻላል። ሆኖም በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም። ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነበር፤ በሕግም ሊመለስ ይችል ነበር።

የጴርጋሞን ኑዛዜ

ሴኔቱ ሕጉን መሻር ሲያቅተው በገንዘብ ያዘው። ለአከፋፋዮቹ የመደበው የቀን አበል እጅግ ጥቂት ነበር። አዲሱ ሰፋሪ ደግሞ መሬት ብቻ አይበቃውም፤ በሬ፣ ዘርና ማረሻ ይፈልጋል። ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ከጴርጋሞን መልእክተኛ የመጣው፤ ንጉሥ አታሎስ ግዛቱንና ሀብቱን ለሮማ ሕዝብ ተናዞ ሞቷል።

ጴርጋሞንን የዮሐንስ ራእይ አንባቢዎች ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ እንደ ሆነች ያውቋታል። በዘመኗ በቤተ መጻሕፍቷ ከእስክንድርያ ጋር የምትፎካከር ከተማ ስትሆን፣ አውሮፓውያን ብራናን የሚጠሩበት ስም ከእርሷ የመጣ ነው። ጢባርዮስ ወዲያው የንጉሡ ገንዘብ ለአዲሶቹ ገበሬዎች መቋቋሚያ እንዲውል፣ የግዛቱ ከተሞች ጉዳይም በሕዝብ ጉባኤ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። ይህ ከመሬቱ ሕግ ይልቅ ሴኔቱን አስደነገጠ፤ የውጭ ጉዳይና የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ከጥንት ጀምሮ በሴኔቱ እጅ ነበሩና። ከሴኔቱ አባላት አንዱ ተነሥቶ የጴርጋሞኑ መልእክተኛ የንግሥና ዘውድና ሐምራዊ ካባ ለጢባርዮስ አምጥቶለታል ብሎ እስከ መክሰስ ደረሰ። በሮማ ‹‹ሊነግሥ ነው›› ከማለት የከፋ ክስ አልነበረም። ማስረጃ አላስፈለገውም፤ መባሉ በቂ ነበር።

በካፒቶል ኮረብታ

ጢባርዮስ የሥልጣን ዘመኑ ሲያልቅ ክስ እንደሚጠብቀው ስላወቀ ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ቀረበ። ይህም ልማድ የጣሰ ተብሎ ተቃውሞ ተነሣበት። አፒያን እንደሚነግረን ደጋፊዎቹ የገጠር ሰዎች በአዝመራ ሥራ ተይዘው ነበር። በምርጫው ቀን ሕዝቡ በካፒቶል ኮረብታ ሲሰበሰብ ሴኔቱ በአጠገቡ ባለው የፊዴስ ቤተ መቅደስ ተቀመጠ። ፊዴስ የመታመን፣ ቃልን የመጠበቅ አምላክ ናት። ሁካታው በበረታ ጊዜ ጢባርዮስ አደጋ ላይ መሆኑን ለራቁት ሰዎች ለማመልከት እጁን ወደ ራሱ አነሣ፤ ጠላቶቹ ዘውድ ጠየቀ ብለው ወደ ሴኔቱ ሮጡ።

ናሲካ ኮንሱሉ አገሪቱን እንዲያድንና አምባገነኑን እንዲያስወግድ ጠየቀ። ስኬቮላም መለሰ፦ ኃይል የምጀምር እኔ አልሆንም፤ ዜጋን ያለ ፍርድ አልገድልም፤ ሕዝቡ ተገፋፍቶ ሕገ ወጥ ውሳኔ ቢያሳልፍ ግን ያን ውሳኔ አላከብርም አለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን መልስ በጥሞና ይመልከቱት። አንድ የሕግ ሰው በዚያች ሰዓት ሊሰጠው ከሚችለው መልስ ሁሉ የተሟላው ይህ ነው። ሕገ ወጥነትን ለማስቆም ሕጋዊ መንገድ እንዳለ ተናግሯል፤ ደምንም ከልክሏል።

ናሲካ አልሰማውም። ኮንሱሉ አገሪቱን ከድቷል፣ ሕግን ማዳን የሚፈልግ ይከተለኝ ብሎ የቶጋውን ጫፍ በራሱ ላይ ጣለና ወጣ። ሴናተሮቹና አሽከሮቻቸው ዱላና የተሰባበረ አግዳሚ ወንበር እግር ይዘው ተከተሉት። የመጀመሪያውን ምት የሰነዘረው ፑብልዮስ ሳቱሬዮስ የተባለ የጢባርዮስ የራሱ ባልደረባ ትሪቡን ነበር። እንደ ፕሉታርክ አቆጣጠር ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ አንዳቸውም በብረት አልሞቱም፤ በዱላና በድንጋይ እንጂ። ወንድሙ ጋይዮስ አስከሬኑን ልቅበር ብሎ ቢለምን ተከለከለ። ሬሳዎቹ በሌሊት ቲበር ወንዝ ተጣሉ። ናሲካና ጢባርዮስ፣ ውድ አንባቢያን፣ የሁለት እኅትማማቾች ልጆች ነበሩ።

ከደሙ በኋላ

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለእኔ ከግድያው የሚከፋው የሚከተለው ነው። ኮንሱሉ ከድርጊቱ በኋላ ምን አደረገ? ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የትሪቡን ሰውነት የተቀደሰና የማይነካ ነው። ገዳዮቹ በስም ይታወቃሉ፤ አንዱ በሠራው ሥራ ይኮራ ነበር። ክስ ግን አልቀረበም። ይልቁንም ሲሴሮ ከሰባ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ እንደተናገረው፣ ስኬቮላ የናሲካን ድርጊት ሕጋዊ ነው አለ፤ በሴኔት ውሳኔዎችም ደገፈው፣ አከበረውም። ከደሙ በፊት እንቢ ያለው አፍ ከደሙ በኋላ ይሁን አለ።

በእርግጥ ሲሴሮ ራሱ ባለጉዳይ ነው፤ በ63 ቅ.ል.ክ. ኮንሱል ሳለ ዜጎችን ያለ ፍርድ አስገድሎ በዚሁ ተሰድዷልና እንደ ስኬቮላ ያለ ምስክር ያስፈልገው ነበር። ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን የእኔን ክርክር የሚያጠናክረውም ይኸው ነው፤ ያ ማጽደቂያ ከሦስት ትውልድ በኋላ እንኳ በሥራ ላይ ነበር።

ስኬቮላን ምን አስለወጠው? የራሴን ግምት ልስጥ። የመሬቱ ሕግ ከጢባርዮስ ሞት በኋላም አልተሻረም። የተገደለውን ተክቶ በአከፋፋይነት የገባው የስኬቮላ ወንድም ክራሱስ ነው፤ የአከፋፋዮቹ ስም የተቀረጸባቸው የድንበር ድንጋዮችም ዛሬ በኢጣልያ ይገኛሉ። ምናልባት ስኬቮላ የሞተው ሞቷል፣ ሥራው ይትረፍ፣ አገር ይረጋጋ ብሎ ይሆናል። ይህ ስሌት ለክፉ ሰው ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የዐዋቂና የአስተዋይ ሰው ስሌት ነው። አስፈሪነቱም በዚህ ነው። አንድ ሕግ አተረፈ፤ ሕግ የሚባለውን ነገር ግን አከሰረ።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ቀዳዳው ወዲያው ሰፋ። በ132 ቅ.ል.ክ. አዲሶቹ ኮንሱሎች የጢባርዮስን ተከታዮች እያደኑ ገሚሱን ገደሉ፣ ገሚሱን አሰደዱ። በ123 ጋይዮስ ግራኩስ በተራው ትሪቡን ሆኖ ዜጋ ያለ ሕዝብ ፈቃድ በሞት እንዳይቀጣ ሕግ አወጣ። በ121 ግን ሴኔቱ ኮንሱሉ አገሪቱ እንዳትጎዳ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያድርግ የሚል ውሳኔ አሳልፎ ጋይዮስንም አስጠፋው፤ በዚህ ጊዜ የሞቱት ሦስት ሺህ ይባላሉ። ልዩነቱን ልብ በሉ። በ133 ማጽደቂያው የመጣው ከግድያው በኋላ ነው፤ በ121 አስቀድሞ ተጽፎ ወጣ። ኮንሱሉ ኦፒምዮስ በተከታዩ ዓመት ተከሶ ነጻ ተለቀቀ። በ88 ሱላ የሮማን ሠራዊት በሮማ ላይ አዘመተ፤ በ82 የሚገደሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር በአደባባይ ለጠፈ። ከወንበር እግር እስከ ስም ዝርዝር ሃምሳ ዓመት ነው።

የጴርጋሞኑስ ውርስ? አርስጦኒቆስ የተባለ የንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ነኝ ባይ ኑዛዜውን ተቃውሞ ድሆችንና ባሮችን አሰልፎ ተዋጋ። ሊወጋው የሄደው ክራሱስ፣ የስኬቮላ ወንድም፣ እዚያው ወደቀ። ዐመፁ ሲደመሰስ ግዛቱ በሐዋርያት ሥራ ‹‹እስያ›› ተብሎ የምናነበው የሮማ አውራጃ ሆነ፤ በጋይዮስ ሕግ መሠረትም ግብሩ ለቀረጥ ተጫራቾች ተሰጠ። ምሬቱ በ88 ፈነዳ፤ የጶንጦሱ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ ባዘዘው ጭፍጨፋ ሰማንያ ሺህ ኢጣልያውያን አለቁ ብለው የጥንት ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ናሲካም ከሕዝብ ቁጣ እንዲሸሽ በመልእክተኛነት ሰበብ ወደ እስያ ተልኮ፣ ገንዘቧ ጠቡን ባባሰው በዚያችው በጴርጋሞን ሞተ።

እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ራሳችንን ከዱላ ያዦቹ መካከል አንፈልግም፤ ዱላ ይዘን አናውቅምና። ቦታችን የስኬቮላ ቦታ ነው። የጉልበተኛ ሥራ ያለ ሊቅ ፊርማ የአንድ ቀን ወንጀል ሆኖ ይቀራል፤ ሊቁ ሲፈርምበት ግን ሥርዓት ይሆናል። ስለዚህ በየትም አገር ደም ሲፈስ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን መታ የሚለው ቢሆንም፣ በማግስቱ አብሮ መጠየቅ ያለበት ማን አጸደቀው የሚለው ነው።

ስኬቮላ በመጨረሻ የናሲካን የሊቀ ካህናትነት መንበር ያዘ። በሮማ ሊቀ ካህናቱ የየዓመቱን ክንውን በነጭ ሰሌዳ ጽፎ ሕዝብ እንዲያነበው በቤቱ ደጃፍ ያቆም ነበር። ይህ ጥንታዊ ልማድ፣ ሲሴሮ እንደሚለው፣ እስከ ስኬቮላ ዘመን ደርሶ ቆመ።